የረዘመው ክንድ

ሠዓሊዋ ጠዋት ሥራ ስትገባ ገና ወንበሯ ላይ ሳትቀመጥ ነው ደሟ የፈላው። ስንት ሳምንት አንገቷን ደፍታ የሣለችው በሥዕል የሚሠራው የአኒሜ ፊልም ትልቅ ድብድብ ስክሪኗ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ መንቀሳቀስ ከተባለ። ሁለቱ ጠበኞች የሚደባደቡ ሳይሆን ዕቃ የሚቀባበሉ ይመስላሉ። ቡጢው ይሄዳል፣ ይደርሳል፣ ማንንም አይመታም።

ሥዕሎቹ ያሉባቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ ስታገላብጥ ነገሩ ገባት። ቡጢው በሚወነጨፍበት ቅጽበት ክንዱን እንደ ሊጥ ለጥጣ የሣለችበት ቦታ ላይ አሁን ክርኑ የተስተካከለ፣ ርዝመቱ የተመጠነ፣ ጨዋ ክንድ ተቀምጧል። የእሷ መስመር በላጲስ ተፍቋል። የላጲሱ ፍርፋሪ እንኳ አልተራገፈም።

እውነት ነው፣ የተለጠጠ ክንድ ለብቻው ሲታይ ያስቃል። ግን ለብቻው እንዲታይ መች ተሣለ? ዓይን ሳይዘው ብልጭ ብሎ ያልፋል፤ ተመልካቹ ላይ የሚቀረው ምቱ ብቻ ነው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ይህን የማያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱን ነው ደግሞ አራሚ ያደረጉት። ዕድሜውን ሙሉ የሰው አካል አሣሣል ሲያስተምር የኖረ፣ እዚህ ከመጣ ወር ያልሞላው፣ ሠራተኛው እሱ በሌለበት «ማስመሪያው» የሚለው ሰውዬ። ሥዕሎቹን እንደ ተማሪ ፈተና ቁጭ ብሎ አርሟቸዋል።

ከሁሉም ያንገበገባት ግን ቡጢው ወንድሟን የጣለው ቡጢ መሆኑ ነው። ታላቅ ወንድሟ ቦክሰኛ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ተዘርሮ የተሸነፈ ዕለት፣ «ክንዱ ከየት እንደመጣ አላየሁም፤ መንገድ ያህል ነው የረዘመብኝ» ብሏታል። የሣለችው ያንን ነው። ፊልሙን አይቶ «አዎ፣ እንዲህ ነበር» እንዲላት ትፈልጋለች። ፊልሙ ደግሞ ዛሬ ቢሮ ከመዘጋቱ በፊት ይላካል።

ወረቀቱን አፍሳ አለቃው ቢሮ ገባች። ማስመሪያውም እዚያው ነበር።

«ጋሼ፣ ሥዕሌን ማን ንካ አለዎት?»

«ስህተት ነበረበት እኮ ልጄ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «የሰው ክንድ ጭኑ ጋ ያበቃል።»

ቢቆጣ ይሻላት ነበር። እንደ ሕፃን ማባበሉ አቃጠላት።

«ልትኳል ዓይኗን አጠፋች ማለት ይኼ ነው። ክንዱን አዳንኩ ብለው ድብድቡን ገደሉት።»

«ተመልካች እውነተኛ ነገር ይወዳል» አለ አለቃው። ይህ አለቃ መጨረሻ ያናገረው ሰው ያለውን ሁሉ የራሱ ሐሳብ የሚያደርግ ሰው ነው።

«እውነቱንማ እንየዋ» አለች። ለሙከራ የቀረጸችው የድሮው ቅጂ ማሽኗ ላይ ነበር፤ ብዥ ያለ፣ ለፊልም የማይሆን። አምጥታ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ከፈተችው።

ማስመሪያው ስህተቱን በእስክሪብቶ ሊያሳያቸው ግድግዳው ሥር ሄዶ ቆመ። «ቡጢው ጋ ስትደርሺ አቁሚልኝ» አላት። አላቆመችም። ቡጢው ሲወነጨፍ ሰውዬው አንገቱን ቀብሮ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እስክሪብቶው ተንከባሎ ጠረጴዛ ሥር ገባ።

አለቃው ሳቁን በሳል ዋጠው። «በቃ፣ የድሮው ይሁን» አለ።

ይሁን አለ እንደ ቀላል ነገር። የድሮው የታለና? ተፍቋል። ሰዓቱ ሳይሄድ መልሳ የምትሥለው እሷ ናት። ረታሁ ብላ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን ጭራሽ ባሰባት። አንድ ትልቅ ሰው በድንጋጤ ካልተሸማቀቀ በቀር የእሷ ቃል የማይታመነው ለምንድን ነው? በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

ጠረጴዛዋ ጋ ደርሳ እርሳሷን ስትቀርጽ ማስመሪያው ተከትሏት መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ይቅርታ ሊል ፈልጎ ነበር፤ የለመደው ቃል አልነበረምና የላጲሱን ፍርፋሪ ከወረቀቱ ላይ ማራገፍ ጀመረ።

«ወንበር ይሳቡ» አለችው። «የፋቁትን አብረን ነው የምንመልሰው።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያን የለፋበትን፣ አንድ እንከን የማይወጣለትን ክንድ በገዛ እጁ ፋቀው። ከዚያ እርሳስ አነሳና ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ምን ያህል ላርዝመው?»

ቀና ብላም አላየችው።

«እስኪያምዎት ድረስ» አለችው።