ሁሉም የሚገባበት ስም

ጽናት ጠዋት መሐል ሜዳ ቢሮዋ ስትደርስ ጉሙ ገና ከመንገዱ አልተነሣም። ካፖርቷን ሳታወልቅ ኮምፒውተሯን ከፈተች። እጇን በትንፋሿ አሙቃ፣ እንደ ወትሮው፣ የጓሳን ካርታ ፈለገች። ፎልደሩ ባዶ ነበር።

ቢሮው ሕዝቡ በጋራ የሚጠብቀውን፣ በየጊዜውም ለግጦሽ የሚዘጋውን የጓሳን ሣርና ድንበር ይከታተላል። የሁሉም ሥራ የሚቀመጠው ሰርቨር በሚባል አንድ የጋራ ኮምፒውተር ላይ ነው። በማግስቱ ትርሲት የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ መጣች። ካርታዎቹን ከመጠባበቂያ ቅጂ መለሰቻቸውና ሰርቨሩን መረመረች።

«የሰረዘው ይሥሐቅ ነው ይላል። የትኛችሁ ናችሁ?»

ይሥሐቅ የጽናት ባል ነበር። ሰርቨሩን ያቋቋመው፣ ሽማግሌዎች ስለ ጓሳ የነገሩትን በድምፅ የቀዳው እሱ ነው። ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል።

«እኔ ነኝ የሰረዝኩት፤ ሳላውቅ» አሉ ኃላፊው አቶ ባስልዮስ አንገታቸውን ደፍተው። «ይሥሐቅ የጽናት ባለቤት ነበር፤ አርፏል። ሁላችንም ግን በሱ ስም ነው የምንገባው። የኛ የማይከፍተውን የሱ ይከፍታል።»

«ታዲያ ሲያርፍ ለምን አልተዘጋም?»

ማንም ወደ ጽናት አላየም። ያን ጊዜ ገባት። ስሙን አጥፉት ብሎ እሷ ፊት ለመናገር የደፈረ ጠፍቶ ነው።

ትርሲት ወንበሯን ወደ ጽናት አስጠጋች። «እትዬ ጽናት፣ እርስዎ ሳይፈቅዱ አልነካውም። ግን የይለፍ ቃሉን ያላወቀ የለም። ዛሬ ካርታው ተረፈ፤ ነገ ድምፆቹ ቢሰረዙ መመለሴን እንጃ።»

«ስሙ ሲጠፋ ድምፆቹስ?»

«አንድም አይነካም። ወደ እርስዎ ስም አዛውራቸዋለሁ። ሁሉም ያዳምጣል፤ የሚሰርዝ ግን አይኖርም።»

«ለኔማ ሁሉም ይከፈትልኝ እንጂ! ኃላፊ አይደለሁም?» አሉ አቶ ባስልዮስ።

«ጓሳ ሲዘጋ የኃላፊ በግ ይገባል እንዴ?» አለች ትርሲት።

ቢሮው በሳቅ ሞላ። «አንቺ፣ የየት አገር ልጅ ነሽ?» አሉ አቶ ባስልዮስ።

«የግሼ፣ የጓሳ ጎረቤት።»

«እኔም ብያለሁ! በይ እሺ፣ በጎቼን መልሻቸው።»

ጽናት ከትርሲት ጎን ተቀምጣ አሠራሯን ተመለከተች። ልጅቷ አትቸኩልም። በየፎልደሩ ማን ለሥራው እንደሚያስፈልገው ትጠይቃለች፤ ለሚያነብ ማንበብ፣ ለሚጽፍ መጻፍ ብቻ ትፈቅዳለች። ከዚያ ፈቃድ የሰጠችውን ሰው ጠርታ «እስቲ ሰርዘው» ትለዋለች። ኮምፒውተሩ እምቢ ሲለው እሷ ደስ ይላታል። አንዱንም ሳትሞክር አላለፈችም፤ አንዱንም ሰው አላስቀየመችም። ጽናት ይሥሐቅ ቢያያት ይወዳት ነበር ብላ አሰበች።

በመጨረሻ የቀረው የእሱ ስም ነው።

«ዘግቼ ብቻ ልተወው እችላለሁ» አለች ትርሲት በለሆሳስ። «ግን አንድ ቀን ሥራ ሲቸኩል መልሶ የሚከፍተው አይጠፋም።»

«ድምፆቹን መጀመሪያ አሰሚኝ።»

አንድ ሽማግሌ ስለ ወሰኑ ወንዝ ሲናገሩ ተሰማ። መሐል ላይ የይሥሐቅ ድምፅ፣ «ከዚያስ አባባ?» አለ። ከፎልደሩ ትይዩ የባለቤቱ ስም ጽናት ይላል።

«አሁን ስሙን አጥፊው» አለች ጽናት።

«ማጥፊያውን እኔ ልጫነው?»

«ተይው፣ እኔው።»

ተጫነችው። ካርታዎቹ አሉ፤ ድምፆቹ አሉ። የይሥሐቅ ስም ሰርቨሩ ላይ የለም።