ቤት ያልቀየሩት ድርጭቶች

ድርጭቶቹን የፈጀው ውሻው አይደለም፤ አባቴ ነው። በእጁ አነቃቸው ማለቴ አይደለም። በየጠዋቱ ወደ አዲስ ሣር ሊጎትተው የሚገባውን የሽቦ ቤታቸውን አንድ ቦታ ላይ ተክሎት ከረመ፤ ስንጠይቀው "አዛውሬዋለሁ" እያለ ዋሸን፤ በመጨረሻም ጥፋቱን በጎረቤታችን ውሻ ላይ ጫነው።

ድርጭት ማርባት የእኔ ሐሳብ ነበር። ጓሯችን ውስጥ ከሣር በቀር ምንም የለም። ድርጭት ደግሞ ትንሽ ናት፣ ቶሎ እንቁላል ትጥላለች፣ እንደ አውራ ዶሮ ሠፈር አትቀሰቅስም። ያነበብኩትን ሁሉ ለአባዬ ነገርኩት። ቤታቸው ወለል የሌለው፣ ሣሩ ላይ የሚያርፍ፣ በአንድ ጫፉ ጎማ፣ በሌላው ጫፉ መያዣ ያለው ይሁን። ሽቦው የድመት መዳፍ የማያስገባ ጠባብ ወንፊት ይሁን። ጣሪያው ከስር ጆንያ ይወጠርበት፤ ድርጭት ስትደነግጥ ሽቅብ ነው የምትተኮሰው፣ ቆርቆሮ ካገኛት አንገቷ ይቀጫል። አባዬ ዕድሜውን በሙሉ በያጅ ነበር፤ የሠፈሩ በርና መስኮት ግማሹ የእሱ እጅ ሥራ ነው። ሁሉንም ሰምቶ ተስማማ፤ አንዱን ብቻ እምቢ አለ።

"ከቀላል እንጨት ይሁን" ስለው ሳቀብኝ።

"እንጨት? እኔ አናጺ መሰልኩሽ፣ ምሁሯ?"

"ብረት ይከብዳል አባዬ።"

"ለማን ነው የሚከብደው?"

በቱቦላሬ ብረት ሠራው። አምሮ ነበር፣ አልዋሽም። መኪና ቢወጣበት የማይጎብጥ የወፍ ቤት።

እኔ ለቢሮ በጠዋት ስለምወጣ ማዛወሩ የአባዬ ሥራ ሆነ። መያዣውን ከፍ አድርጎ፣ የኋላው ብረት የድርጭቶቹን እግር እንዳይጨፈልቅ እያየ፣ ቀስ ብሎ መጎተት ነው። የለቀቁት ቦታ በኩስ የቆሸሸ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቀራል፤ ከሰነበተ በኋላ ግን ከሌላው ሣር ይልቅ ይለመልማል። በየቀኑ ቤት ስለሚቀይሩ እማዬ "ተከራዮቹ" ትላቸዋለች።

"ተከራዮቹ ለቀቁ?" እላለሁ ራት ላይ።

"ለቀቁ እንጂ" ይላል አባዬ። "አከራዩ ክፉ ነው፣ አያሰነብትም።"

እንስቃለን። እኔ ስልኬን እያየሁ ነው የምስቀው።

ሐሙስ ጠዋት ጫማዬን ሳጠልቅ የአባዬን ጩኸት ሰማሁ። ስወጣ ግማሽ ያህሉ ድርጭቶች አልቀዋል፤ ራስ የሌላቸው አሉ፣ ጭራሽ የጠፉም አሉ። የተረፉት አንድ ጥግ ተወሽቀው ይንቀጠቀጣሉ። የጎረቤታችን ውሻ ከውጭ በኩል ቆሞ ሽቦውን ያሸታል፣ አፍንጫው ላይ አንዲት ላባ ተለጥፋለች። አባዬ ሰንደል ጫማውን ወረወረበትና ሳተው።

የውሻው ባለቤት ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጡ። እትዬ ነው የምንላቸው፤ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ከአጥሩ ወዲያ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጆሯቸው ደክሟል። ደንበኛ በራቸውን ሲደበድብ የሚሰማው ውሻው ነው፤ ይጮኻል፣ አልሰማ ካሉት ቀሚሳቸውን ይጎትታል። ስሙን ደወል ያሉት ለዚህ ነው። ደወል ከሌለ ደንበኛው ቆሞ ቆሞ ወደ ሌላ ልብስ ሰፊ ይሄዳል።

"ደወል ነው?" አሉ እየጮኹ።

"ታዲያ ማን ይሁን? ላባው አፍንጫው ላይ አይደል እንዴ!" አለ አባዬ። የጎረቤት ራሶች በአጥሩ ላይ ብቅ ብቅ ማለት ጀምረው ነበር።

እትዬ ውሻቸውን አዩት። "አዋረድከኝ" አሉት። ከዚያ ወደ አባዬ ዞረው፣ "ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ደም የቀመሰ ውሻ አይታመንም። ቅዳሜ የእህቴ ልጅ መኪናውን ይዞ ይመጣል፣ ከከተማ አርቆ ይጥልልኛል" አሉ።

አባዬ "ኧረ እስከዚያ አይደርስም" ይላል ብዬ ጠበቅኩ። አላለም። ገርሞኛል፤ ግን ረፍዶብኝ ስለነበር ሄድኩ።

ቅዳሜ ጓሮውን ላጸዳ ወጣሁ። የቤቱን መያዣ በሁለት እጄ ይዤ እንደምንም አነሳሁት። ሽታው ነው የተቀበለኝ። ከስሩ ሣር የሚባል ነገር የለም፤ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ፣ የተጠቀጠቀ ጭቃ ነው። ብረቱ መሬቱ ውስጥ ሰምጦ ጎድጓዳ መስመር አበጅቷል። በአንዱ ዳር፣ ከውስጥ በኩል፣ ጡጫ የሚያስገባ ጉድጓድ አለ። ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላም። አይጠ መጎጥ። በየቀኑ የሚሄድ ቤት ስር አይጥ ቆፍሮ አይጨርስም፤ ባለበት የሚያድር ቤት ግን ለአይጥ የተዘጋጀ ገበታ ነው።

ዙሪያውን አየሁ። አዲስ አራት ማዕዘን የትም የለም። አሮጌዎቹ አጥሩ ሥር ለምልመው ከተረሱ ቆይተዋል። የቀረው ሣር ጉልበት ደርሷል።

ሰነፈ፣ አልኩ በልቤ። ሰንፎ ዋሸ፣ ዋሽቶ በሴትዮዋ ውሻ ላይ አስፈረደበት። ለማመዛዘን አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

አባዬ ሻይ እየጠጣ ነበር። ኩባያው ግራ እጁ ውስጥ ነው፤ ቀኙ ከጠረጴዛው ስር።

"ቤቱን መጨረሻ ያዛወርከው መቼ ነው?"

"ረቡዕ ጠዋት።"

"ሣሩ እንደዚያ አይልም።"

"ደግሞ ከሣር ጋር ማውራት ጀመርሽ?"

"ልጄ፣ ተይ" አለች እማዬ ከምድጃው አጠገብ።

"ምኑን ነው የምተወው? አይጥ ነው የበላቸው! ከስር ቆፍሮ! ደወል ሽታው ስቦት ነው የመጣው!"

"ተይ አልኩሽ።"

የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ወዲያው እትዬ በጓሮው በር ገቡ፤ ደወልን በጨርቅ ቅዳጅ አስረውታል። ከኋላቸው ስንጥር የሚያኝክ ወጣት ሹፌር፣ የእህታቸው ልጅ።

"ቃሏን አጠፈች እንዳይሉኝ ነው ጋሼ" አሉ እትዬ። "ይኸው፣ ሊሄድ ነው።"

"ውሻ በበላበት ይጮኻል ነው የሚባለው" አለ ሹፌሩ። "የአክስቴ ደግሞ በጮኸበት በላ።" በራሱ ቀልድ ሳቀ። ደወል ጭራውን ቆላለት።

"ይቆዩ እትዬ!" አልኩ ጆሯቸው አጠገብ ጮኼ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞርኩ። "ና። በየቀኑ እንደምታዛውረው አሁን አዛውረው። እንይህ።"

እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። አስለቀቅኳት። ገበናውን ልትሸፍንለት ነው ብዬ ነው፤ እውነትም ልትሸፍንለት ነበር፣ ገበናው ግን እኔ ያሰብኩት አልነበረም።

አባዬ እምቢ ማለት ይችል ነበር። ሰው ቆሞ እያየው ግን እምቢ የሚልበት አንደበት አልፈጠረበትም። ወጣ፣ ጎንበስ አለ፣ ሁለቱንም እጆቹን መያዣው ላይ አኖረ። አነሳ። ብረቱ ከጭቃው ትንሽ ተላቀቀና ተመልሶ ወደቀ። የተረፉት ድርጭቶች ሽቅብ ተተኩሰው ጆንያውን ነረቱት።

"ጋሼ፣ ቁርስ አልበሉም እንዴ?" አለ ሹፌሩ።

ማንም አልሳቀም። አባዬ እንደገና ሞከረ። ያኔ ነው ያየሁት። የግራ ጣቶቹ ብረቱን ጨብጠዋል፤ የቀኞቹ ግን እንደተገተሩ ናቸው። መያዣው ላይ ተቀምጠዋል እንጂ አልያዙትም። ሲያነሳ ቀኝ እጁ ተንሸራቶ ወረደና እንደ ባዶ ጓንት ጎኑ ላይ ተንጠለጠለ።

"እጅዎ ነው?" አሉ እትዬ። ጆሮው የደከመ ሰው ሹክ ማለት አያውቅበትም፤ ጥያቄው አጥሩን ዘሎ መንገዱን ተሻገረ። "ጋሼ፣ እጅዎ አልታዘዝ አለ?"

አባዬ መሬት መሬቱን አየ። ሹፌሩ ስንጥሩን ከአፉ አወጣ። ሄዶ መያዣውን ያዘና ቤቱን ባንድ ጊዜ ጎተተው። "ይሄማ ለሁለት ሰውም ይከብዳል" አለ። እንዳልከበደው ሁላችንም አይተናል። ጉድጓዶቹ ፀሐይ ላይ ወጡ። እትዬ ጎንበስ ብለው አዩዋቸውና የደወልን ማሰሪያ ፈቱ። አላመሰገኑኝም። ሲያልፉ እንደ ጠማማ ስፌት ከላይ እስከ ታች አዩኝና ወጡ።

አባዬ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባ።

"ገበናችንን ለመንገድ ሰጠሽው" አለች እማዬ።

"ታውቂ ነበር?"

"የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት ማን ይመስልሻል?"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ቁጭ ብለሽ? አንድ ቃል ስንጀምርልሽ 'እሺ፣ ገባኝ' ትያለሽ፤ እኛም እንተወዋለን።"

እሺ፣ ገባኝ ልል ነበር። አፌን ያዝኩ።

ጓሮ ወጥቼ ቆምኩ። ልክ ነበርኩ፤ ውሻው ተረፈ፣ ውሸቱ ታወቀ። ልክነቴን ይዤ የምገባበት ቤት ግን አልነበረኝም። አባዬ የብየዳ ቤቱን ሲዘጋ "ሥራ ቀዘቀዘ" ብሎኝ ነበር፤ "ጥሩ፣ ታርፋለህ" አልኩትና ወደ ስልኬ ተመለስኩ። ምግብ በማንኪያ፣ በግራ እጁ መብላት ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው? አላውቅም። አንድ ማዕድ እየበላን አላውቅም።

አመሻሽ ላይ በሩን አንኳኩቼ ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ ኮቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የገባሁት። ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

"ብረቱን ትተን በቀላል እንጨት እንሥራው። አንተ ታሳየኛለህ፣ እኔ እቆርጣለሁ።"

"እንጨት" አለ። የኮቱን እጅጌ በግራ እጁ አስተካከለ። "ለማን ነው የሚከብደው ብዬሽ ነበር።"

"አባዬ..."

"ለዛሬ ሣጥን ውስጥ አሳድሪያቸው። ጉድጓዶቹን በድንጋይ ድፈኚ። አዲሱ ሲሠራ ደግሞ ዙሪያውን፣ ከውጭ በኩል፣ መሬት ላይ የሚተኛ ሽቦ ይኑረው። አይጥ መቆፈር የሚጀምረው ከዳር ነው፤ ሽቦው ካገኘው ይተወዋል።" ጉሮሮውን ጠረገ። "አውቀው ነበር። በኋላ እጨምረዋለሁ ብዬ፣ በኋላ እጄ..."

"እኔ እጨምረዋለሁ።"

ተነስቶ ኮቱን ለበሰ። በግራ እጁ ቁልፉን ከቀዳዳው ጋር ማገናኘት ጀመረ። አመለጠው። እንደገና አመለጠው። እጄን ዘረጋሁ።

"ተይው።"

"ወዴት ነው?"

"እትዬ ጋ።"

"ሁሉን አይተዋል እኮ አባዬ። ገብቷቸዋል። ምን ትላቸዋለህ?"

"ያዩት እጄን ነው" አለ። "ያልበላውን በላ ያልኩት ግን በአፌ ነው። አፌ ምንም አልሆነም።"

"አብሬህ ልምጣ?"

"አንቺ ለዛሬ በቂ ተናግረሻል።"

ኮቱ እንደተከፈተ እማዬን አልፎ ሄደ። በራችን እሱ ራሱ የሠራው የብረት በር ነው። ቀኝ እጁ እንደ ልማዱ ወደ መያዣው ሄደና ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። በግራው ከፈተው፣ ወጣ፣ ከኋላው ዘጋው።