ከምድር ቤት የተባረረችው መኪና

አዋላጇ የኤሌክትሪክ መኪና በገዛች በሳምንቱ፣ የምትኖርበት ሕንፃ ኮሚቴ ሰብሳቢ በሯን አንኳኩ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሰው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል።

«ልጄ፣ ያቺን ቦንብ ከምድር ቤቱ ማቆሚያ አውጪልን።»

«የቷን ቦንብ ጋሼ?»

«መኪናሽን ነዋ! የእንዲህ ዓይነት መኪና ባትሪ ሲንቦገቦግ ስልኬ ላይ አይቻለሁ።»

የቤንዚን መኪና ይበልጥ ብዙ ጊዜ እንደሚነድ ብታስረዳ ማን ሰምቷት! ኮሚቴው ወሰነ፣ መኪናዋ ወጣች። አራት ወር ሙሉ ሁለት መንገድ ማዶ እያቆመች ዝናብ ሲቀጠቅጣት ከረመ። ጎረቤቶቿም «ቦንቢቱ መጣች» እያሉ ይሳሳቁባት ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ ስትመለስ ከምድር ቤቱ ጥቁር ጭስ ይትጎለጎላል። ሰዉ እየተጋፋ ይወጣል። አንዷ ጎረቤት ገና ስታያት ጣቷን ቀሰረችባት፤ «የሷ መኪና ናት! ብለን ነበር!»

ደሟ ፈላ። መኪናዋን ገና አሁን ሁለት መንገድ ማዶ አቁማ መምጣቷ ነው! ግን አፍ ለመካፈት ጊዜ አልነበረም። እሳት አደጋ ደውላ ወደ ደረጃው ሮጠች፤ የጋሼን ሚስት ጭስ አፍኗቸው አገኘቻቸውና ደግፋ አወጣቻቸው።

እሳቱ ሲጠፋ የእሳት አደጋው አለቃ ፊቱን እየጠረገ ወጣ። «የቤንዚን ቱቦ ተቀዶ የጋለ ሞተር ላይ ፈሶ ነው። የነጯ መኪና ባለቤት ማነው?»

ሁሉም ወደ ጋሼ ዞረ።

«መካኒኩ ቱቦውን ቀይረው ብሎህ አልነበር?» አሉ ሚስታቸው እያሳሉ።

«ድንገተኛ አደጋ ነው እንግዲህ» አሉ ጋሼ።

«የኔዋ ሳትነድ ቦንብ፣ የእርስዎ ነዳ ድንገተኛ አደጋ?» አለች አዋላጇ።

አለቃው ጣልቃ ገባ። «የኤሌክትሪኳም ከነደደች ማጥፋቱ መከራ ነው፣ አልዋሽም። እኛን በብዛት የሚያስጠሩን ግን የቤንዚኖቹ ናቸው።»

ማክሰኞ ከኮሚቴው ደብዳቤ ደረሳት፤ «መኪናዎን ማስገባት ይችላሉ» ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። ደብዳቤውን ይዛ ጋሼ ቤት ወጣች።

«እሳቱ ከምን እንደተነሳ እዚህ ላይ ይጻፉልኝ።»

«ምን ያደርግልሻል ልጄ? አለፈ እኮ።»

«በእርስዎ አለፈ። እኔ አራት ወር ቦንቢቱ ተብያለሁ።»

ሚስታቸው እስክሪብቶ አምጥተው ባላቸው ፊት አስቀመጡ። ጋሼ ከንፈራቸውን ነክሰው ጻፉ፣ ፈረሙም። አዋላጇ እዚያው አንብባ ወረደችና ወረቀቱን ሊፍቱ ውስጥ ለጠፈችው።