ከወለሉ ሥር የመጣው ድምፅ

አውሮፕላኑ ሁለት ጊዜ ነጠረና ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ቆመ። እዩኤል እጁን ከኪቦርዱ አንሥቶ ወደ አባቱ ዞረ። አቶ ጎሹ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ አንገታቸውን አስግገው በቀኝ ዓይናቸው ስክሪኑን ይመረምራሉ። ግራው ማየት ካቆመ ዓመት አልፎታል።

"አሶሳ ነው አልከኝ?"

"አዎ አባባ። ተራራው ያው፣ የቆርቆሮው ቤት ያው።"

"ወሩስ?"

"የካቲት ብዬ ሞልቼዋለሁ።"

"ታዲያ ጭሱ የታለ? በየካቲት አገሩ ሁሉ ሣር እያቃጠለ ሰማይ የት ይታያል?" አሉና ጨመሩ፤ "ሰዎቹስ? የተሳፈሩት?"

እዩኤል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነው። አራት ዓመት ሙሉ፣ መብራት በፈቀደለት ማታ ሁሉ፣ በዚህ የኮምፒውተር የበረራ ጨዋታ ከአዲስ አበባ አሶሳ ሲመላለስ ከሦስት መቶ በላይ በረራ አስመዝግቧል። ባልደረቦቹ "ካፒቴን" ሲሉት እንደ ቀልድ ይቀበልና በሆዱ ይኮራል። የእውነተኛ አውሮፕላን ደረጃ ግን በእግሩ ረግጦ አያውቅም። ከኋላው ሰው ተቀምጦ ይሆናል ብሎም አስቦ አያውቅም።

አባቱን ከባምባሲ ከሠፈራው መንደር አሶሳ ቤቱ ያመጣቸው ለጨዋታ አልነበረም። የቀኝ ዓይናቸውም ግፊት ጨምሯል፤ ማክሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አላቸው። የዓይን ክፍሏ ነርስ ዐፊፋ ነገሩን አላለባበሰችውም፤ "አባ ጎሹ፣ ይሄ ዓይን አንዴ ከሄደ አይመጣም ወላሂ" ብላቸዋለች። የመኪናው መንገድ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ያውም ካልተዘጋ። የሰኞው አውሮፕላን አለ። አቶ ጎሹ ግን ብሞትም አልሳፈርም ብለው አረፉት። እናቱ ለምነው፣ ቄሱ መክረው አልሆነም። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

"አዩት አይደል? አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም" አለ እዩኤል።

"ያልተነካ ግልግል ያውቃል" አሉ አባቱ። "እኔ እዚህ አገር የመጣሁት በምን ይመስልሃል?"

እዩኤል በአውቶቡስ ይመስለው ነበር። አቶ ጎሹ ያን ቀን ለልጃቸው ነግረው አያውቁም፤ አሁንም የነገሩት ስክሪኑን እያዩ ነው። በሰባ ሰባት፣ በድርቁ ጊዜ፣ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከወሎ አንሥተው ወንበርም መስኮትም የሌለው የሩሲያ ዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ውስጥ እንደ እህል አጨቋቸው። የስድስት ዓመት እኅታቸው ጠጂቱ እጃቸውን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጆሮ ይወጋል። ብዙ ከሄዱ በኋላ ከእግራቸው ሥር አንድ ነገር ጓ ብሎ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። "ተቀደደ!" አለ አንዱ። ሕዝቡ በሙሉ ወደ ፊት ተደፋ።

"እኔም ሮጥኩ" አሉ። "እጇን ለቅቄ።"

የአክስቱ የጠጂቱ ግራ ክንድ አይዘረጋም። እዩኤል ከአህያ ወድቃ ነው ሲባል ነው የሰማው።

"አንድ ቀን ወቅሳኝ አታውቅም" አሉ አቶ ጎሹ። "እኔ ግን ዓይኗን ሳየው አፍራለሁ።"

ከዚያ አባቱ ራሳቸው እዩኤልን መጠየቅ ጀመሩ። ይሄ ነገር ይበርዳል? አይበርድም። ጆሮ ይወጋል? አይወጋም። ሆድ ወደ ላይ ይገፋል? እሱም የለም። እያንዳንዷን "የለም" ባለ ቁጥር ሦስት መቶው በረራው ከእጁ እየሾለከ የሄደ መሰለው።

"ድምፁስ?"

"ድምፁ ከእውነተኛ አውሮፕላን የተቀዳ ነው ይላሉ። ያ የሩሲያው ዕቃ ጫኝም እዚህ ውስጥ አለ።"

"እስቲ አሰማኝ። ስክሪኑ ይቅርብኝ፤ እኛም ምንም አላየንም ነበር።"

ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረገላቸውና ዕቃ ጫኙን ከሰማይ ላይ ጀመረው። አቶ ጎሹ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣሉ። ሞተሩን ሲሰሙ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከፍታው እየቀነሰ መጣ። ማኮብኮቢያው ከሩቅ ሲታየው እዩኤል እንደ ልማዱ አንድ ቁልፍ ተጫነ፤ አባቱ ከበርጩማው ተነሥተው ክንዱን ጨመደዱት።

"ምን አደረግህ?"

"ጎማ አወረድኩ።"

"ምን ጎማ?"

"ሲበር ሆዱ ውስጥ ይታጠፋል። ሊያርፍ ሲል ይወጣል፤ ከወለሉ ሥር ስለሆነ ጓ ይላል።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ አባባ። የሚያስፈራውስ ባይወጣ ነው።"

አቶ ጎሹ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ድገመው አሉት፤ ደገመው። አሁንም ደነገጡ። ሦስተኛ ጊዜ አስደገሙት። በሦስተኛው ክንዱን አልያዙም፤ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡና፣ ዕቃ ጫኙ መሬት ነክቶ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ አልተንቀሳቀሱም። ሁለቱም ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"አንድ ሰው ቢነግረን ኖሮ" አሉ። "ሊያርፍ ነው፣ ጎማው ነው፣ አትነሡ የሚል አንድ ሰው።"

እዩኤል የሰኞውን ነገር ሊያነሣ ሲል አባቱ ማዳመጫውን አውልቀው፣ ሽቦውን በጥንቃቄ ጠቅልለው አቀበሉት።

"ለጠጂቱ ደውልልኝ።"

"ምን ልበላት?"

"ነገ ትምጣ በላት። ሰኞ ከመሄዴ በፊት ትስማው።"