ያልተንኳኳ ወይራ

ወለተ ጊዮርጊስ ስሕተቷን ያየችው ቡሬ ገበያ ከደረሱ በኋላ ነው። የሌላዋ እናት ልጅ ሁሉ ፊቱ ላይ አመድ ነስንሶ፣ በበትር ተደግፎ፣ ግማሹም እያነከሰ መጥቷል። የሷ ልጅ የላቀው ባት ግን በቅቤ ታሽቶ ያበራል። ጧት በገዛ እጇ ነው ያሸችው፤ እግሩ በአቧራ እንዳይሰነጠቅ ብላ።

ጣሊያን ቡሬን ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ድንጋይ ተሸካሚ ባነሰው ቁጥር ገበያውን ከቦ ጎልማሳ ይመርጣል። የተመረጠው ለመንገድ ሥራ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ አምና ከወረዱት የተመለሱት ጥቂት ናቸው።

ያን ዕለትም አንድ ጣሊያን ወታደር ወንዶቹን አሰልፎ አይቶ አይቶ ላቀው ፊት ቆመ። ባቱን ጨበጥ አደረገና «ሮቡስቶ!» አለ። ደረቱ ላይ በኖራ ምልክት አደረገበት።

«ምን አለው?» ስትል አስተርጓሚውን ጠየቀች። አስተርጓሚው ገብረ ሕይወት ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ እንግሊዝኛ የተማረ፣ አሁን ለእንጀራ ሲል ለጣሊያን ያደረ ሰው ነው።

«ብርቱ ነው አለው፣ እሜቴ። እንግሊዞችም ሮበስት ይላሉ። የጥንት ሮማውያን እንጨቱ እንደ ብረት የጠና ዛፍ ነበራቸው፤ ቃሉ ከዚያ ዛፍ የወጣ ነው ብሎ ነው መምህሬ ያስተማረኝ።»

«እንደኛ ወይራ?»

«እንደ ወይራ ይበሉት።»

«ዛፍማ ካሉት ሊቆርጡት ነው» አለች።

የላቀውን ነገር የምታውቀው እሷ ናት። ሌሊት ደረቱ እንደ ወናፍ ይጮኻል፤ ድንጋይ ተሸክሞ ቆላ ቢወርድ ይሞታል። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ከፋሲካ በኋላ የክንዱን ልጅ ደስታነሽን ሊያገባ ነው። ክንዱ ደግሞ እዚያው ሰልፉ ውስጥ በትሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ጌታው፣» አለችው አስተርጓሚውን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እንጨት ቆራጭ ወይራ ከመጣሉ በፊት በመጥረቢያው ጀርባ ያንኳኳል። ውስጡ ተቦርቡሮ እንደሆነ ትቶት ያልፋል። ይሄንንም ያንኳኩት። ጆሮዎን ደረቱ ላይ ያድርጉ።»

«እማዬ፣ ተይ!» አለ ላቀው ጥርሱን ነክሶ።

ከሰልፉ አንዱ «ልጅሽ ከበሮ ነው እንዴ፣ እናንኳኳው?» ቢል ሰዉ ሳቀ።

ገብረ ሕይወት አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ አዳመጠና «እስቲ ሩጥ» አለው። ላቀው የገበያውን ዳር ዞሮ ሲመለስ ማዳመጥም አላስፈለገ፤ ሳሉ አጎበጠው። ገብረ ሕይወት ለወታደሩ ረዘም ያለ ነገር ነገረው፤ በሽታው ይጋባል ሳይለው አልቀረም። ወታደሩ ወደ ኋላ አፈገፈገና እጁን በሱሪው ጠረገ። ኖራውን ያበሰችው እናቱ ናት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ክንዱ ሰላምታ ሳይሰጥ አለፋቸው።

ሲመሽ ላቀው ቤት አልገባ አለ፤ ደጅ ላይ ተቀመጠ። ወለተ ጊዮርጊስ መዝጊያውን ይዛ ቆመች። ጅቡ፣ ባንዳው፣ ልጇ ተነሥቶ ወደ ጫካ ሲሄድ፣ ሁሉም ታያት።

«ብርድ ይመታሃል።»

«ክንዱ እንግዲህ ልጁን ለበሽተኛ አይድርም።»

«አይድር ይሆናል።»

«ምን ይሻለኛል ታዲያ?»

«እኔ እንጃ። ብቻ አለህ።»

ላቀውን ሳል ያዘው፤ እንደ ወትሮው በጋቢው አላፈነውም።

«አገር ሁሉ ሰምቶታል፤ አሁን ማንን እደብቃለሁ?» አለና ሳቅ እያለ ተነሣ። ጎንበስ ብሎ ገባ። እሷም መዝጊያውን ገፍታ መወርወሪያውን ጣለች።