ቦይ ዳር የታሰረው ቀይ ክር

አያት ግራ ቀኝ አይተው፣ ቦይ ዳር ባለው ግዙፍ አኩሪ አተር ላይ ቀይ ክር አሰሩ። ቀይ ክር ማለት «ይህ ለዘር ይቀመጥ» ማለት ነው። የምርምር ጣቢያው ዘር አዳቃይ የሆነችው የልጅ ልጃቸው ግን ክሯን ያሰረችው መሀል ማሳ ባለች አንዲት ድንክ ላይ ነበር። የመረጠችው ዘር በሚዛን ካልበለጠ ማሳው ለሌላ ሰው ይሰጣል ተብላለች። ታዲያ አያት ምን ሆነው ዝም ይበሉ?

በማግስቱ ልጅቷ ክሩን አየችው።

«እማማ፣ ይሄ ድርብ ቋጠሮ የማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ግን ቁመናውን እይው እንጂ ልጄ። ያቺ ኮሳሳ ጉድ ልትሠራሽ ነው።»

«ነይ ፍሬ የያዘውን ቆባ እንቁጠር።»

ቆጠሩ። ድንኳ ዘጠና ሁለት፣ ግዙፉ መቶ አራት።

«አላልኩሽም?»

«ይሄ እኮ የቦዩን ውኃ ጠጥቶ ነው የወፈረው። ቦዩን ለልጆቹ አያወርስም። የእሷ ቆባ ግን ከዘር የመጣ ነው፤ እናቷም አያቷም በደረቁ መሬት እንዲሁ ነበሩ። ቆባ ሲበዛ ምርቱም አብሮ ይበዛል። ቁመትማ ከምርቱ ጋር ሳይገናኝ ለብቻው ነው የሚሮጠው።» ሳቀች። «ለማንኛውም ያንቺንም ከእኔዋ ጎን እዘራዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ አያት ሌላ ጭንቅ ውስጥ ገቡ። የእሳቸው ቢበልጥስ? ልጅቱን በገዛ እጃቸው ማዋረዳቸው አይደል? ዘሩ ተዘርቶ ቡቃያው ሲያድግ የራሳቸውን መስመር በክፉ ዓይን ያዩት ጀመር።

የሚዛኑ ቀን የጣቢያው ኃላፊ ደብተሩን ይዞ መጣ። የአያት መስመር፣ ሁለት ኪሎ ከሩብ፤ ከተዘሩት መስመሮች ሁሉ መጨረሻ። የድንኳ ልጆች፣ አራት ኪሎ ከግማሽ፤ ከሁሉም አንደኛ። ኃላፊው ሚዛኑን ነካክቶ እንደገና መዘነ። ያው ነው።

«ማሳው ያንቺ ነው፤ የጎኑንም ጨምሪ» አላት። ቀጥሎ የአያትን ከረጢት በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ «ይሄንን ደግሞ የትኛው ሊቅ ነው የመረጠው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አሉ አያት፣ ነጠላቸውን አስተካክለው። «መጨረሻ መውጣቴንም ደብተርዎ ላይ አሳምረው ይጻፉልኝ።»

ልጅቷ ሳቋን መያዝ አቃታት። አያት ከኪሳቸው ቀይ ክር አወጡና የድንኳ ልጆች ያሉበትን ከረጢት አፍ በድርብ ቋጠሮ አሰሩት።