ገዳዩ ያለበት ገጽ

ፈትለወርቅ በአንድ የድሮ የወንጀል ልብ ወለድ ውስጥ ያለውን ሐኪም መጠርጠር ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። የእሷ ቅጂ መጨረሻው ተገንጥሏል። በ1979 ዓ.ም. የድሮ ልብ ወለድ አፍቃሪዎች አምቦ ቀበሌ አዳራሽ ሲሰበሰቡ፣ ለዕጣ የቀረበው ሙሉ ቅጂ እንዲደርሳት እየተመኘች ከፊት ተቀመጠች።

የዝግጅቱ ስፖንሰር ባለሱቁ ኦቦ ኩምሳ ነበሩ። ለእንግዳው ሁሉ አንዳንድ ጥቅል ቆሎ በነጻ አደሉ። የዕጣው መጽሐፍም እሳቸው ዘንድ ነበር የተቀመጠው። አስተባባሪው እንዲያመጡት ሲጠይቃቸው ግራ ገባቸው።

"ቆሎውን ይጠቅልሉበት ብላችሁ የላካችሁልኝ አሮጌ ወረቀት አይደለም እንዴ?"

ሰዉ ቆሎውን ወደ ኪሱ ገለበጠ፤ ገጹም በየቁጥሩ እየተጠራ ተሰበሰበ። የመጨረሻው ገጽ ግን ከጎጆ ከተማ ለገበያ መጥቶ ለቆሎው ሲል የገባው የጤና ጣቢያ ድሬሰር ቀንዓ እጅ ላይ ነበር። አንብቦ ጨርሶታል።

"ወንድሜ፣ እባክህ ስጠኝ" አለችው ፈትለወርቅ።

"ቆይ እንጂ እህቴ። ሰውየው ምን ሆኖ ገደለ? መጀመሪያውን ንገሪኝና እሰጥሻለሁ።"

"ረጅም ነው እኮ።"

"ቆሎ አለኝ።"

አጠገቡ ተቀምጣ ከምዕራፍ አንድ ጀመረች። ሐኪሙ ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ቀንዓ ማላመጡን አቆመ።

"የሕክምና ሰው እንዲህ አያደርግም" አለ ቅር ብሎት። "አትድከሚ፤ ፖስተኛው ነው።"

ፈትለወርቅ ፖስተኛ መኖሩን አላስታወሰችም። ገጹን ተቀበለችው፤ ሌሎቹንም ከአስተባባሪው ለምና ወሰደችና ከገጾቹ መሀል ፖስተኛውን ፍለጋ ገባች።